የጭስ ውለታ

ምሥራቅ ጀርመን፣ ላውዚትስ፣ ጥድና አሸዋ በሚገናኙበት፣
ሌንካ ትኖራለች፣ አባቷ ሜርቺን ባወረሳት ቤት።
ከመስኮቷ ማዶ ሁለት ጭስ ማውጫዎች፣
ቡናማ ከሰል በልተው የሚያድሩ ጎረቤቶች።

ልጅ ሳለች፣ ሰኞ ሰኞ፣ እናቷ ያሰጣችው ነጭ አንሶላ፣
ማታ ሲሰበሰብ ግራጫ ነበር፣ ጥላሸት የበላ።
አባቷም ደጅ ወጥቶ፣ ሳል ጉሮሮውን አንቆት፣
«ዲን ነው የሚዘንብብን፣ ሰዶም አደረጉን!» ይል ነበር፣ ግማሹ ቁጣ ግማሹ ጸሎት።

ጥዱ ጫፉ ደርቆ ቆመ፣ ዓሣው ከኩሬው አለቀ፤
የጎመንዘሩ ማሳ ግን በየሚያዝያው በቢጫ ደመቀ።
ያን ቢጫ ከዚያ ጭስ ጋር ማንም አላስተሳሰረም፤
ተራጋሚ ውለታ አይቆጥርም።

ዘመን ዞረ። በርሊን ላይ ግንብ ፈረሰ፣ መንግሥት ተለወጠ፣
በጭስ ማውጫዎቹ ጉሮሮ ማጣሪያ ተቀመጠ።
ሰማዩ ተገለጠ። ጥዱ አዲስ ቀንበጥ አወጣ።
እናቷ ይህን አላየችም። ሜርቺንም፣ የጠራውን አየር ብዙ ሳይጠጣ፣
በመስከረም
ሳሉን ይዞ ሄደ።

ከዓመታት በኋላ በአንዱ ጸደይ ሌንካ ማሳዋን ብታይ፣
ቅጠሉ እንደ ማንኪያ ጎድጉዷል፣ ዳሩ ወይን ጠጅ መሳይ፣
አበባው ደግሞ—
«ነጭ! ጎመንዘር ነጭ ያብባል እንዴ?
ዩሪያ አጥግቤህ፣ ምን ጎደለህ ሆዴ?»

የአፈር መርማሪዋ ኢርምጋርት ቧንቧዋን መሬት ሰክታ፣
ናሙና ይዛ ሄደች፤ በሳምንቱ ደወለች ማታ።
«ድኝ ነው ያጣሽው። ያ ጭስ ሲመግብሽ ኖሯል በነጻ፤
ውለታው ቀረ፣ ሌንካ፣ ሰማዩ ከነጻ።»

ስልኩን ዘግታ ቆየች፣ ከአባቷ ፎቶ ፊት፤
ይህን ቢሰማ ኖሮ
ሳቅ ይቀድመው ነበር፣ ወይስ ሳል፣ እንደ ጥንት?

በነሐሴ ገዛች፤ ቢጫ እንክብል፣ ምስር የሚያህል፣
ከዘሩ በፊት በተነችው፣ ከዳር እስከ መሀል።
ጸደይ መጣ። አበባው አሁንም ገረጣ።
«ገንዘቤን አፈር በላው!» ብላ ደወለች በቁጣ።

«ይብላው እንጂ!» አለች ኢርምጋርት፣ ምንም ሳትደነግጥ፣
«ሥር ጥርስ የለው፣ ድንጋይ አይቆረጥጥ።
በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው የሚፈጩት፣
ከአየር ጋር አላቁጠው ሰልፌት የሚያደርጉት፤
ያኔ በውኃ ሟምቶ ለሥር ይቀርባል።
ሲበርድ ይተኛሉ። አፈር ሲደርቅ ሥራው ይቆማል።
ዝናብ ሲበዛ ደግሞ፣ የሠሩት በአሸዋሽ ሾልኮ ይወርዳል፣
ሥር ከማይደርስበት ይሸሸጋል።
የጭሱ በስሎ ነበር ከዝናብ ጋር የሚወርደው፤
የከረጢትሽ ጥሬ ነው፣ ጊዜ ነው የሚያበስለው።»

ሌንካ ገበሬ ናት፣ መጠበቅ ማንም አላስተማራትም፤
ግን ደሞዙን ቀድሞ የበላ፣ የማይታይ ሠራተኛ፣ እንቅልፍ አልሰጣትም።
በጋውን ሙሉ አፈር ዛቀች፣ በጣቷ ፈተገች፤
እንክብል ስታገኝ አዘነች፣ ስታጣ ፈነደቀች።
ጉድ አለ ጎረቤት፣
ገንዘቧ ሲጠፋ የምትስቅ ሴት!

በቀጣዩ ሚያዝያ፣ ማለዳ፣ መጋረጃውን ገለጠች።

ቢጫ። እስከ ጭስ ማውጫዎቹ ሥር ድረስ፣ ዓይን የሚያጥበረብር፤
መሀሉን ግን ሰንጥቆት አንድ ቀጭን ነጭ መስመር፣
መበተኛው አፉ ተዘግቶባት፣ ሳታውቅ ያለፈችበት።
«ለከርሞ እንሞላዋለን» አለች ኢርምጋርት፣ ለማጽናናት።

ሌንካ መስኮቱን ከፈተች። ነፋስ ገባ ከማሳው፤
ነጩ መስመር ተርገበገበ፣ ገመድ ላይ እንዳለ ጨርቅ ነው።
«ተይው» አለች። «እናቴ ነጭ አስጥታ ነጭ ሰብስባ አታውቅም፤
ይቺኛዋ ትሰጣ።
ከእንግዲህ አትጠቁርም።»